የአባ እንድሪስ ኩሬ

ባለፈው ሳምንት አዲስ የተቀጠረች የሥራ ባልደረባዬ የከሚሴን ዙሪያ የሳተላይት ፎቶ ከፍታ አሳየችኝ። ማሳው፣ ወንዙ፣ ረግረጉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዓይኔ ከአንዲት ማሳ ላይ ቀረ።

እዚያ ስሠራ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የወባ ትንኝ የሚራባበትን ቦታ በሳተላይት ፎቶ ለሚለይ ጥናት ተቀጥሬ፣ ፎቶው ውሃ አለበት ያለውን ቦታ በእግሬ ሄጄ አረጋግጥ ነበር። ካርታውን የሚሠራው ከማል አብሮኝ የተማረ፣ ምሳ ከአንድ ሳህን የምንበላ ጓደኛዬ ነበር።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ጥንቅሽ እያኘክሁ ትኩሳት የማይለየው አንድ መንደር ደረስኩ፤ ፎቶው ላይ ግን በአቅራቢያው ውሃ የለም። አባ እንድሪስ የሚባሉ ገበሬ «አካም ጅርታ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው እርጎ በቅል አቀረቡልኝ። ፎቶው ከሰማይ መነሳቱን ስነግራቸው ሳቁ። የቆመ ውሃ የት እንዳለ ስጠይቃቸው ግን ወሬውን ወደ ዝናቡ ቀየሩት። መንደር ዳር ኩሬ ከተገኘ ለወባው ሲባል ይደፈን ነበርና።

«ስሜ ይጻፋል?» አሉ ቆይተው።

«አይጻፍም፣ አባ። መድኃኒት ይረጭበታል እንጂ የሚነካዎት የለም።»

«ወላሂ በይኝ።»

«ወላሂ።»

ከፓፓያ ዛፎች ጥላ ሥር፣ በእጃቸው ቆፍረው ሽንኩርታቸውን የሚያጠጡበትን ኩሬ አሳዩኝ። ስጨልፈው የትንኝ እጭ ተርመሰመሰ።

ከሚሴ ተመልሼ ለከማል ነገርኩት። «ምዬላቸዋለሁ፤ ስማቸውን ትተህ በቁጥር ብቻ መዝግበው፤ መድኃኒት ይረጭበት።»

«አብሽሪ» አለኝ፤ «ያንቺ ቃል የኔም ቃል ነው።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ከማል ካርታውን ግድግዳ ላይ ሲያበራው የአባ እንድሪስ ስም ከነአባታቸው ተጽፎበታል። ሳተላይቱ የሳተውን ኩሬ እንዴት «እንዳገኘው» ያብራራል። ስለ መድኃኒት አልተነፈሰም። ተጨበጨበለት፤ ኩሬው እንዲደፈንም ተወሰነ።

በረንዳው ላይ ያዝኩት። «ምነው ከማል?»

«ውጭ አገር ለትምህርት ሊልኩኝ ነው» አለ ዓይኔን ሳያይ። «አታበላሺብኝ።»

ሽንኩርቱ ሊነቀል ወር ሲቀረው ኩሬው ተደፈነ። ስሄድ አባ እንድሪስ ከጠወለገው የሽንኩርት መደብ መሃል ቆመዋል። ለሰላምታዬ ቀስ ብለው መለሱ።

«ልጄ፣ ሰማይ ላይ የሰቀላችሁት ዓይን አላየኝም ነበር» አሉ። «ያሳየሁሽ እኔው ነኝ።»

እውነቱን ለመናገር በዚያ ዓመት የመንደሩ ትኩሳት ቀንሷል፤ መድኃኒት ቢረጭም ግን ይበቃ ነበር።

ከማል ለትምህርት እንደሄደ በዚያው ቀረ። ለብዙ ዓመት ክህደቱን ሳነሳ ስጥል ኖርኩ። ዛሬ ዛሬ ግን የሚያመኝ ሌላ ነው። አባ እንድሪስ ከማልን አያውቁትም ነበር። ያመኑት እኔን ነው።