የካሳ የቁም ሙሾ

ጎረቤቴ ወለቴ በሲቀላ ሰፈር የታወቀች ሙሾ አውጪ ናት። በእሷ አፍ የማይጀግን ሟች የለም፤ ስስታሙም ቸር፣ ፈሪውም አንበሳ ሆኖ ይቀበራል።

ባሏ ካሳ የዓባያ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪ ነበር። በጠና ታሞ ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤቱ ይረፍ» ብለው ሲመልሱት እሷ «ድካም ነው» አለች። በዓሣ መረቅና በሽፈራው ቅጠል ልታስነሳው ታጥቃ ተነሣች። ካልጠጣላት ትቆጣዋለች። እሱ ግን የጓጓው ሳይመሽበት ከሚስቱ ጋር ደህና አድርጎ ለመሰነባበት ነበር። ስለ ሞት ሲያነሳባት ወደ ጓዳ ትሮጣለች።

አንድ ከሰዓት እኔ እግሩን እያሸሁለት ሳለ ጠራት።

«ወለቴ፣ ያዘጋጀሽልኝን ሙሾ እስቲ አሰሚኝ።»

«ወዲያ በል! ሟርተኛ!»

«ለአገሩ ሁሉ አውጥተሽ ለኔ ልትሰስቺ ነው?»

ይሄ ሙያዋን ነካባት። የመረቁን ሳህን እንደያዘች ጀመረች።

«አዞን በጡጫው የሚመልስ፣
የዓባያ ጌታ፣ የውኃ ንጉሥ…»

ካሳን ሳቅና ሳል አንድ ላይ ያዙት። «ኧረ ውሸታም! አዞ አይቼ መረቤን ጥዬ የፈረጠጥኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ዝም በል! የለቅሶው ቀን ተነሥተህ የምታርመኝ ይመስል!»

ያለችውን ጆሮዋ ሰማው። ወደ ጓዳ ትሮጣለች ብዬ ስጠብቅ ሳህኑን አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያን ቀን ማን ይስቅብኛል ታዲያ?» አለችው ቀስ ብላ።

«እሱን እኮ ነው ላወራሽ የፈለግሁት» አለና እጇን ያዘ።

እኔም ነጠላዬን አንሥቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌላቸው ወጣሁ።