የትከሻ ልክ

የስፌት ክፍሉ ከስፖርተኞቹ ልብስ መለወጫ ጀርባ ነው። ያለው አንድ መስኮት ብቻ ሲሆን እሱም ወደ አሎሎ መወርወሪያው ሜዳ ያሳያል። ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ከመኪናው በስተቀኝ ካውያው ተቀምጠዋል፤ ከካውያው በላይ ደግሞ ገና ቁጥር ያልተለጠፈባቸው ማሊያዎች በምስማር ተንጠልጥለዋል። ሰፊዋ እዚህ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ ስፖርተኞቹ ሁሉ "እትዬ ሜትር" ይሏታል። ግድግዳ የሚጋራት ልብስ አጣቢው ደግሞ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ የሞትሽ ዕለት ጉድጓዱን ራሴ ካልለካሁ ብለሽ ቀባሪ ታስቸግሪያለሽ" እያለ ይቀልድባታል። አፏ በስፒል የተሞላ ስለሆነ አትመልስለትም፤ በዓይኗ ብቻ ትስቃለች።

በዚሁ በስፒሉ ምክንያት የራሷ የሆነ አሠራር አላት። ሜትሩን ዘርግታ ትለካለች፤ ከዚያ ጣቷን ቁጥሩ ላይ ታሳርፋለች፤ ተለኪው ራሱ አንብቦ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ ደብተሮቿ የመቶ ሰው እጅ ጽሑፍ አለባቸው። ሯጮቹ ቸኩለው ይጽፋሉ፤ ክብደት የሚያነሱት እርሳሱን ተጭነው ወረቀት ይቀድዳሉ። ሥራ ሲቀዘቅዝ መሳቢያውን ትከፍትና ከታች ያለውን፣ ሰማያዊ ሽፋኑ የላላውን ደብተር ታወጣለች። እዚያ ውስጥ የታናሽ እህቷ እጅ አለ። ክብ ክብ ፊደል ነው፤ ሰባት ቁጥር ስትጽፍ ወገቡ ላይ ሰረዝ ታደርግበት ነበር።

እናታቸው ስትሞት ታናሿ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሰፊዋ አሳደገቻት፤ ፀጉሯን ሠራችላት፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ቀሚስ ሰፋችላት። "ሚጣዬ" ነው የምትላት። ሚጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚሁ ክፍል ወለሉ ላይ ተቀምጣ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች፤ እያስገባችም ታንጎራጉራለች። ዘፈን አልነበረም፤ መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው፣ ቀጭን፣ የሻይ ጀበና ሊፈላ ሲል እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ ነበር። ልብስ አጣቢው ከግድግዳው ማዶ፣ "ማነው እዚያ ወፍ ያስገባው?" ብሎ ይጮህ ነበር።

አሥራ ስድስት ሲሞላት በመስኮቱ ስታያቸው የኖረቻቸውን ወርዋሪዎች ተቀላቀለች። ጎበዝ ሆነች። መጀመሪያ የተለካች ዕለት ትከሻዋ አርባ አንድ ሳንቲ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ አርባ ሦስት ሆነ። ያን ጊዜ ሰፊዋ ደስ አላት፤ ልጅ ነች፣ ታድጋለች ብላ በስፌቱ ውስጥ የተወችውን ትርፍ ጨርቅ ለቀቀችላት። ደግሞ ሦስት ወር ሲያልፍ አርባ ስድስት ሆነ። ሰፊዋ ቁጥሩን አይታ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደችው።

"ይሄ ነገር አርጅቷል፤ ተለጥጧል" አለች፤ በዚያው ቀን ሄዳ አዲስ ገዛች። በአዲሱም ለካች። አርባ ስድስት ነው። እሷም እህህ ብላ ስፌቱን እንደገና ለቀቀች፤ ጨርቁ ስላልበቃ ከብብቱ ሥር ቅዳጅ ጨርቅ ጨመረችበት። ቅዳጁ እንዳይታይ ክሩን ከማሊያው ቀለም ጋር እያስተያየች ሁለት ቀን ደከመች። ሲያልቅም በሥራዋ ኮራች።

የተለጠጠ ሜትር ሰውን ያሳንሳል እንጂ አያተልቅም። ይህን ሰፊ ሁሉ ያውቀዋል። እሷ ግን ከዓመታት በኋላ፣ ሌላ ሰው እየለካች ሳለ ነው ድንገት ትዝ ያላት። ያን ቀን ስፒል ምላሷን ወጋት።

የሚጣ ድምፅ ሲጎረንን ጉንፋን ነው ተባለ። ሰፊዋ ማርና ሎሚ በሙቅ ውኃ እያደረገች አጠጣቻት፤ ግራጫ የአንገት ሹራብም ሠራችላት። አሰልጣኙ ቫይታሚን ነው እያለ የሚወጋትን መርፌ ሚጣ ራሷ ስሙን አታውቀውም ነበር። ከዚያ ለብሔራዊ ቡድኑ ተመርጣ ካምፕ ገባች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ብቻ ሆነ። ሜዳሊያም አገኘች። ቀጥሎ ጉልበቷ ተጎዳና ስፖርቱን ተወችው፤ ቤት ሳትመለስ፣ ራቅ ያለ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብላ ሄደች።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የሰፊዋ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩን አታውቀውም። መኪናው እየዞረ ነበር፤ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል አጣብቃ "ሃሎ" አለች።

"እኔ ነኝ" አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

"ማን ልበል? ወንድሜ፣ ተሳስተሃል መሰለኝ" አለችና ዘጋችው። ስፌቷን ቀጠለች።

ማታ መልእክት ገባ። "አልተሳሳትኩም ነበር እትዬ" ይላል።

ሰፊዋ ያን ሌሊት ስንት ጊዜ እንደደወለች አታውቅም፤ ማንም አላነሳም። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። በወር አንድ ጊዜ መልእክት ይመጣል፤ ደህና ነኝ፣ ሥራ ደህና ነው፣ አንቺስ ጉልበትሽን ቅባት እየቀባሽ ነው ወይ? ይላል። ልምጣ ስትላት አሁን አይመችም ትላታለች። አንድ ጊዜ ሳትነግራት ተነሥታ ሄዳ አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ እንደወረደች "መጥቻለሁ" ብላ ጽፋላት ነበር። "ዛሬ አይሆንም፤ እኔው እመጣለሁ" የሚል መልስ ደረሳት። የያዘችውን ዘንቢል ታቅፋ በዚያው አውቶቡስ ተመለሰች። ሚጣ ግን አልመጣችም።

በዚህ ዓመት ፌዴሬሽኑ ለየክለቡ አንድ ወረቀት ላከ። አበረታች መድኃኒት እንደ ድሮው ይከልከል ወይስ በሐኪም ቁጥጥር ይፈቀድ? አስተያየት ስጡ ይላል። ስፖርተኞቹ ተራ እየጠበቁ በስፌት ክፍሉ በር ላይ ይከራከሩ ጀመር።

"ሁሉም እየወሰደ ምን ያስደባብቃል? ይፈቀድና እንገላገል" ይላል አንዱ ሯጭ።

"አንተ ደግሞ ተፈቅዶልህም ከኋላ ነህ" ይለዋል ሌላው።

ልብስ አጣቢው ባልዲውን ይዞ ቆም ይላል። "ከተፈቀደስ ለኔም ይዘዙልኝ። ይሄ ሁሉ ካልሲ በቫይታሚን ካልሆነ አይጨመቅም።"

ይሳሳቃሉ። ሰፊዋ ስፒሏን ነክሳ ትሰማለች። ወረቀቱ እሷም ዘንድ ደርሶ ነበር፤ አጣጥፋ ካውያው ሥር አድርጋዋለች።

ወጣቷ አሎሎ ወርዋሪ የመጣችው አንድ ረፋድ ላይ ነው። ሀያ አልሞላትም፤ ሳቂታ ናት፤ ስትገባ በሩን በዳሌዋ ገፍታ ነው የምትገባው። ማሊያው ጠቦኛል አለች። ሰፊዋ ሜትሩን ከትከሻዋ ጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋች፤ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አሳረፈች። ልጅቷ አንገቷን አጣማ አነበበችና ጻፈች። አርባ ስድስት። ሁለት መስመር ከፍ ብሎ፣ ከሦስት ወር በፊት በዚያው እጅ የተጻፈው አርባ ሁለት ነው።

"አዩልኝ እትዬ ሜትር? ትከሻ ማለት ይሄ ነው!" አለች። ወዲያው ጉሮሮዋን ጠረገች። "ይቅርታ፣ ጉንፋኑ አልለቀቀኝም።"

ሰፊዋ ስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። ሰባት ነበሩ። ሁሉንም የስፒል መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። ልጅቷ ግራ ገብቷት ታያለች፤ እትዬ ሜትር ስትለካ ተናግራ አታውቅም።

"ጉንፋን አይደለም፣ ልጄ" አለች ሰፊዋ።

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። "ታዲያ ምን ይሁን? ሐኪም ነው የሚሰጠኝ፤ በመጠኑ ነው። ነገ ሊፈቀድ ነው እየተባለ… ካልወሰድኩ ለመመረጥ የተቀመጠውን ሚኒማ አላሟላም፤ ካላሟላሁ ካምፕ አልገባም። እርስዎ ስፌቱን ይልቀቁልኝ፣ ሌላውን ለኔ ይተዉልኝ፤ በሞቴ።"

"ስፌቱን አልለቅም።"

"እንዴት አይለቁም? ሥራዎ አይደል?"

"ሥራዬ ነው። አንዴ ለቅቄ አይቼዋለሁ።"

ልጅቷ ማሊያውን ጥላ ወጣች። ሰፊዋ ስልኳን አነሳች። ለሚጣ ስትጽፍ የፊደሉን ቁልፍ እየሳተች ብዙ ጊዜ ወሰደባት። "አንዲት ልጅ አለች። በሦስት ወር ከአርባ ሁለት አርባ ስድስት ገብታለች። ጉንፋን ነው ትላለች። እኔ የምነግራትን አላውቅም። አንቺ አነጋግሪያት።" ላከችውና ወዲያው ተጸጸተች። የወር መልእክቷም እንዳይቀርባት ፈራች። ያቺ "ደህና ነኝ" የምትለው አጭር መስመር ባትመጣ ምን ልትሆን ነው?

አንድ ቀን አለፈ፤ ሁለት አለፈ፤ አምስት። ልብስ አጣቢው በግድግዳው ማዶ፣ "ዛሬ መኪናሽ ምን ሆኖ ነው የሚያዛጋው?" አላት። ከንፈሯን መጠጠች።

በስድስተኛው ቀን ልጅቷ ማሊያዋን ልትወስድ መጣች፤ አኩርፋለች፣ በሩንም በእጇ ነው የገፋችው። ሰፊዋ ማሊያውን ስታጣጥፍ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን አወቀችው። ማንሣት አቃታት። ብታነሣ፣ ዳግመኛ አንድ የማይሆን ነገር ከአፏ ቢወጣስ? በአራተኛው ጥሪ አነሣች።

"ልጅቷ አለች?" አለ ድምፁ። ወፍራም፣ የተሻከረ፣ ቀስ ያለ ድምፅ ነው።

"አለች።"

"ስጪልኝ።"

ሰፊዋ ስልኩን ዘረጋችላት። ልጅቷ አንዴ ስልኩን አንዴ ሰፊዋን አየች፤ ተቀበለች።

"ሃሎ… አዎ፣ እኔ ነኝ ጋሼ… ውይ! ይቅርታ፣ ይቅርታ እትዬ…" ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ቁርጥራጭ ጨርቅ የተከመረበት በርጩማ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። "አይ፣ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም ነግሮኛል፤ ጽፎልኛል… ከጀመርኩ አራት ወር… አዎ፣ የወር አበባዬ ቀርቷል፤ ከሁለት ወር ወዲህ ቀርቷል… ይመለሳል ብሎኛል… አይመለስም?"

ሰፊዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቃሉ አይሰማትም። ከልጅቷ ጆሮ ሥር የሚያመልጠው ድምፅ ብቻ፣ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ሲያርፍ፣ ደግሞ ሲነሣ ይሰማታል። ለሌላ ሰው እየተነገረም ቢሆን ለአሥራ አንድ ዓመት የራባት ነገር ነውና ትንፋሿን ይዛ ለቃቀመችው። ውስጡ ሚጣን ፈለገች። የቀድሞዋ ወፍ የለችም። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ልትጨርስ ስትል ትንሽ ዘግየት የምትለው ነገር አለ፤ ያ የሚጣ ነው።

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ሰማች። በመጨረሻ "እሺ" አለች፤ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳም እንደያዘችው ቀረች።

"ምን አለችሽ?" አለች ሰፊዋ በሹክሹክታ።

"በስንት ቀን አንዴ ፂሟን እንደምትላጭ ነገረችኝ። ዳቦ የምትገዛው ድምፅ ሳታሰማ በጣቷ እያሳየች እንደሆነ ነገረችኝ።" ልጅቷ ጉሮሮዋን ልትጠርግ ብላ ተወችው። "ይፈቀድ ከሚሉት ነሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ክልክል ሆኖም ወግተውኛል አለች፤ ክልከላው አላዳነኝም፣ ስሙን ብቻ ደበቁኝ። ግን ከተፈቀደ እምቢ የምትል ልጅ ምን ተደግፋ እምቢ ትላለች? ይሄ ሁሉ ሰው ሲወስድ አንቺ ምን ሆነሽ ነው ይሏታል፣ አለች። እምቢ ለምትለዋ ሲባል ይከልከል፣ አለች።"

"አንቺስ?"

"አላውቅም፣ እትዬ። ሚኒማው አንድ ወር ነው የቀረው።" ተነሣች። ማሊያውን አየችው፤ አልወሰደችውም። "እርስዎ ጋ ይቆይ። እስቲ ላስብበት።" ስልኩን በሁለት እጇ አቀበለቻት። "አልዘጋሁትም። አትዝጊው ብላኛለች።"

በሩ ተዘጋ። ሰፊዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ከወዲያ ማዶ መተንፈስ ይሰማል።

"ሚጣዬ" አለች። "ያን ጊዜ እኮ መኪናው እየጮኸ…"

"አውቃለሁ። ስትሰፊ ሰምቼዋለሁ።"

"ይቅር በይኝ።"

"አሁን እሱን ተይው፣ እትዬ። ብዙ ማውራት አልችልም፤ አልለመድኩትም፣ ጉሮሮዬ ይደክመኛል።"

መቼ ነው የምትመጪው የሚለው ጥያቄ ሰፊዋ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ብትጠይቃት አንድ ቀን ትነግራት ይሆናል፤ ቀኑም ያልፍ ይሆናል። ዋጠችው። ይህ ድምፅ ብቻ ትንሽ እንዲቆይላት ፈለገች፤ ስለ ምንም ይሁን።

"ከተቀመጥሽበት ምን ይታይሻል?" አለቻት።

ከወዲያ ወንበር ሲንሸራተት ተሰማ፤ መስኮት ተከፈተ መሰለ።

"አንድ ግቢ ነው" አለች ሚጣ ቀስ ብላ። "ብዙ የተሰጣ ልብስ አለ። አንዲት ሴትዮ አንሶላ እያወረደች ነው። ነፋሱ እየወሰደባት ተቸግራለች…"

"እሺ" አለች ሰፊዋ። "ቀጥዪ።"