የሬዲዮዋ ኪስ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ ሰበር ይለዋል። «ሰበር ዜና» ከሚለው ተቆርጦ የወጣለት ስም ነው፤ ያወጣችለትም አጠገቡ የምትሠራው ጫማ ሰፊ ናት። ሰውየው መርፌ ላይ ክር አስገብቶ ሳይቋጥር ስልኩን ያያል። አራት ቀዳዳ ካለው ቁልፍ ሁለቱን ሰፍቶ ያያል፣ የቀሩትን ሁለት ሰፍቶ ደግሞ ያያል። ካውያው እስኪግል ያያል፤ እስኪቀዘቅዝም ያያል። የሚያየውም አገር የሚያናውጥ ነገር አይደለም። አንድ ኳስ ተጫዋች ፀጉሩን ተላጨ፤ ሁለት ዘፋኞች ተኳረፉ፤ ታረቁ፤ የሆነ ሰው በአንድ ቁጭታ አርባ እንቁላል በላ። ሰውየው እንቁላል ስለበላ አንተ ትጠግባለህ ወይ ትለዋለች ጫማ ሰፊዋ። ጊዜ ለማሳለፍ ነው ይላታል። ማንም ሳይገፋው የሚያልፈውን ጊዜ!

እጁ ግን ተሳስቶ አያውቅም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሰፋ ጣቶቹ ዓይን አብቅለዋል። ታላቅ እህቱ የሟች ባሏን ካፖርት ይዛ የመጣችውም ይህን ተማምና፣ ገልብጦ ለሷ እንዲሰፋላት ነው።

ካፖርቱን ድሮ የሰፋው ራሱ ሰበር ነበር። ጨርቁ ግራጫ ሱፍ ነው፤ ይሸምነው የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። ሟቹ አጭርና ቀጭን ሆኖ ሳለ ልብስ ሰፋ ሲል ይወድ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሙሉ ሰው ናት። ዘመድ ሲቀልድ ባሏን በኪሷ ይዛው ትዞራለች ይል ነበር። ስለዚህ የሱ ሰፊ ካፖርት ለሷ ልክ ይመጣል፤ የሚተርፍ ጨርቅ ግን ጣት አይሞላም።

እንዲህ ያለ ሱፍ ይገለበጣል። ስፌቱ ሁሉ ይተረተርና ፀሐይ ያነጣው ፊቱ ወደ ውስጥ፣ ለዓመታት ጨለማ ውስጥ የኖረው ሌላው ፊቱ ወደ ውጭ ይሆናል። አርጅቶ እንደገና ወጣት መሆን ለጨርቅ የተፈቀደ መሆኑ ይደንቃል።

እህትየው የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከካፖርቱ ውስጥ በግራ በኩል ከዚያው ሱፍ የተሰፋ ትልቅ ኪስ አለ። ሟቹ ትንሿን ሬዲዮውን ሊይዝበት ያሠራው ነው፤ ያን ጊዜ ሰበር ልብሱ በአንድ ጎን ይጎትታል ብሎ ቢከራከረው፣ ይጎትት እንጂ ዜና አያምልጠኝ ብሎት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ እሷ ማታ ማታ ካፖርቱን ደርባ እጇን እዚያ ኪስ ውስጥ ታቆያለች።

«ኪሷን እንዳትነካብኝ» አለችው። «ተርትረህም ቢሆን እንዳለች መልስልኝ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሰበር የእጅጌዎቹን የታችኛ፣ በብብት በኩል የሚውሉትን ቁራጮች በእህቱ ክንድ ልክ ሊቆርጥ ጨርቁን ዘረጋ። በተገለበጠ ልብስ አንደኛው ቁራጭ አዲሱ ፊቱ ወደ ላይ፣ ሁለተኛው አዲሱ ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ነው የሚቆረጠው፤ ቀኝና ግራ የሚወጣው እንደዚያ ነው። የመጀመሪያውን ቆረጠ። ስልኩ ጮኸ። አየና ተመለሰ። ሁለተኛውንም ልክ እንደ መጀመሪያው ዘርግቶ ቆረጠ። ሁለቱን አንስቶ ሲያስተያያቸው ሁለቱም ለግራ እጅ ነበሩ። አንዱን ላገላብጠው ቢል ፊቱ የነጣ ነው።

ጫማ ሰፊዋ ሁለት ግራ እጅ ያለው ደንበኛ ትፈልግለት እንደሆነ ጠየቀችው። ፊቱን ስታይ ግን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አስር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ በሚለው ተረት ስንቱን ጀማሪ ያስተማረው እሱ ነው።

ቀሪውን ጨርቅ ሁሉ ፈለገ። ሰፋ ያለ ያልነጣ ሱፍ የቀረው ኪሷ ላይ ብቻ ነበር። ከካፖርቱ ጫፍ ከሚገኘው ጥቂት ጨርቅ ጋር ክርኑ ላይ ቢቀጠል ለቀኝ እጅጌው ይበቃል።

ከሰዓት በኋላ እህቱ መጣች። ሁለቱን ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የሆነውን ሳይደብቅ ነገራት።

«ስልክ ስታይ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ወሬው ምን ነበር?»

አልመጣለትም። ከጠዋት ወዲህ ስንት ሌላ ወሬ በላዩ አልፏል። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ለተጋደመው ጨርቅ መበላሸት ምክንያት የሆነውን ነገር ጨርሶ ረስቶታል።

እህቱ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኪሷን አንስታ በመዳፏ ስትዳብሳት ቆየች። ከዚያ ስለ ባሏ ታወራ ጀመር። ጎህ ሲቀድ ሬዲዮዋን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፤ ቁርሱ ይቀዘቅዛል። ምን አሉ ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ምንም።

«አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አሉ ብሎ ሳይነግረኝ ሄደ» አለች። «አሁን እጄን አስገብቼ የማገኘውም ያንኑ ነው። ምንም።» ኪሷን መልሳ ዘረጋችለት። «ቁረጣት። ግን እያየሁህ።»

ስልኩን ወስዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሰበር በሳሙና ቁራጭ አሰመረ፣ ለካ፣ ፊቱን አገላብጦ አየ፣ እንደገና ለካ። ስልኩ ጭኗ ላይ ሲንቀጠቀጥ አንገቱ በራሱ ፈቃድ ዞረ።

«አንገትህን መልስ» አለችው በዝግታ።

መለሰ። ቆረጠ። ቀኝ እጅ ሆነ።

ቅዳሜ ልትለካ መጣች። የክርኑ ስፌት ለሚያውቅ ሰው ካልሆነ አይታይም። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ደረቷ ገባ፤ ለስላሳውን ገበር አገኘና ግራ ተጋብቶ ቆመ። ከዚያ ወጣ፤ ግራ እጇ ደግሞ ቀኝ ክርኗን ይዞ ቆየ። ሰበር ተንበርክኮ ጫፉን እያስተካከለ ነበር፤ አፉ ውስጥ ሦስት ስፒል ይዟል። ድንገት አንድ ባንድ አወጣቸው።

«ዝይ ነበረች» አለ።

«ምኗ?»

«ወሬው። አንዲት ዝይ ባንክ ቤት ገብታ ሰልፍ ይዛ።»

እህቱ ከዚያስ የሚል ፊት አሳየችው።

«መጨረሻውን አላነበብኩትም» አለ።

ከዓመት ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላያትም። የካፖርቱን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፈች፤ በር ላይ ደርሳ ክርኗን መልሳ ይዛ ዞር አለች።

«እንግዲህ ካነበብክ አይቀር» አለችው፣ «ለኔም ንገረኝ።»