በጨረታው ላይ የሰጠሁት ስም

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና የውጭ አገር ጨረታ አሳየኝ። ወረቀቱ የደበዘዘ አንድ አሮጌ የስኮትላንድ ውስኪ የመኪና ዋጋ ሲያወጣ አየን። «አባባ፣ አንተም በወጣትነትህ ትሰበስብ ነበር አሉ። የት አደረስካቸው?» አለኝ። «ሸጥኳቸው» አልኩት። አልዋሸሁም፤ ሁሉንም ግን አልነገርኩትም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ሰባተኛ ሰፈር፣ አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። እኩዮቼ ለጫማና ለሸሚዝ ሲሞቱ እኔ ያልተከፈተ አሮጌ ውስኪ ያየሁ ቀን እንቅልፍ አይወስደኝም። አልጠጣውም። ጠርሙሶቹን ደርድሬ ሳያቸው ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ ሞኝነት እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

አንድ የሐምሌ ጠዋት ተክለ ሃይማኖት አጠገብ የነበረ የአንድ ቡና ቤት ዕቃ ለጨረታ ወጣ። ባለቤቱ ሞተው፣ ወራሾቹ መስማማት ስላቃታቸው ፍርድ ቤት ይሸጥ ብሎ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከጎረቤት የሳምቡሳ ሽታ ይመጣል፤ እኛ ጭቃ በጭቃ ሆነን በረንዳው ላይ ተጠጋግተናል። ወንበሩም ማቀዝቀዣውም ተሸጠ። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ውስኪ ወረደ። እኔ የመጣሁት ለእሱ ነበር።

የሟች ሚስት እትዬ አስካለ ከጥግ ብድግ ብለው ታሪኩን ነገሩን። ውስኪው ሽማግሌዎች እሳቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ነው፤ ባለቤታቸው «ለልጃችን ሠርግ እንከፍተዋለን» ብለው ያን ሁሉ ዘመን አስቀምጠውታል። የልጅቷ ሠርግ ደግሞ ለጥቅምት ተቆርጧል። እንዲህ ያለ ጨረታ ወግ አለው፤ የሟች ቤተሰብ ለማስታወሻ የፈለገው ዕቃ ላይ ማንም እጁን አያወጣም። እሳቸው ዋጋ ጠሩ፤ ተጫራቹ ሁሉ ዝም አለ። እኔ እጄን አወጣሁ።

ጨመሩ፤ ጨመርኩ። ሦስተኛው ላይ አቅማቸው አለቀ። ወደ እኔ ዞሩና ሳይቆጡ፣ «የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉኝ።

እዚያ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም፤ የአባቴ ስም አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «የጋሽ ወልዴ» አልኳቸው። ጋሽ ወልዴ ከእኛ ሱቅ ፊት ለፊት ብርድ ልብስ የሚሸጡ ጨዋ ሰው ናቸው። ልጃቸው ተስፋዬ ጓደኛዬ ነው።

በማግስቱ እትዬ አስካለ የላኳቸው ሁለት ሽማግሌዎች ጋሽ ወልዴ ሱቅ ገቡ። «ወልዴ፣ ልጅህ የአስካለን ማስታወሻ ነጥቋት ሄዷል። ይመልስላት» ሲሉ እኛ ጋ ድረስ ይሰማል። ተስፋዬ ማለ፣ ተገዘተ። ጋሽ ወልዴ «እነዚህ ሰዎች ይዋሻሉ?» አሉና ደንበኛ ፊት በጥፊ መቱት። ከዚያ ካፖርታቸውን ደርበው በዚያ ዝናብ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። በእትዬ አስካለ ጉልበት ላይ ወደቁ አሉ። እኔ ጨርቅ መለኪያውን ይዤ ቆሜ አየሁ። አባቴ ጭራሽ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ልጅ እንዲህ ያዋርዳል። እኔስ ተመስገን ነው» አለኝ።

ጠርሙሱን ልመልሰው አስቤ ነበር። ከመለስኩት ግን ማንነቴ ይታወቃል። በሳምንቱ መሳለሚያ ላለ አንድ ነጋዴ ሸጥኩት፤ ሌሎቹንም ተራ በተራ ሸጥኩ። ልጅቷ አባቷ ያስቀመጡላት ውስኪ ሳይከፈትላት ተዳረች።

ዛሬ እትዬ አስካለም ጋሽ ወልዴም የሉም። ተስፋዬ አለ፤ እድራችን አንድ ነው። ጨዋታ ሲመጣ «አባቴ በሕይወቱ አንዴ ነው የመታኝ፤ እሱንም ባላደረግሁት» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። አንድ ቀን ለብቻችን ሳለን ግን የቀረውን ነገረኝ። ጋሽ ወልዴ ሊሞቱ ሲሉ ጠርተውት፣ «ያንን ነገር ይቅር ብዬሃለሁ» ብለውታል። ምን ብሎ ይመልስላቸው? «እሺ አባቴ» አላቸው።

ዕድሜዬ ሲገፋ ድፍረት ይመጣልኛል እል ነበር። ጨረታውን ባሳየኝ ማታ፣ ልጄ ሲተኛ ለተስፋዬ ደወልኩ።

«ምነው፣ ደህና ነህ?» አለኝ።

«የእድሩ ስብሰባ ቅዳሜ ነው እሑድ?» አልኩት።

እሑድ መሆኑን አውቅ ነበር።