በር ላይ የመለስኩት እንግዳ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ መካኒሳ በምንኖርበት ቤት ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ልጄን ላጣት ነበር። ሁለተኛ፣ ጥፋተኛው እኔው ራሴ ነበርኩ። ሰው የራሱን ጥፋት ሲያወራ ማሳመር ይቃጣዋል፤ እኔ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

የመጀመሪያ ልጄ ጽጌ በትምህርቷ ጎበዝ ስለነበረች ምሥራቅ ጀርመን ለከፍተኛ ትምህርት ተላከች። በሁለተኛው ዓመት ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቆሙ። እዚያው በአደጋ ከሞተ ሰው የተወሰደ ኩላሊት ተከሉላት። ዓመት ከመንፈቅ ከተከታተሏት በኋላ ትምህርቷን ሳትጨርስ፣ መድኃኒቷን በሻንጣ ሞልታ ወደ አገሯ ተመለሰች። በዚያ ጊዜ የሌላ ሰው ኩላሊት የተተከለለት በሽተኛ አክሞ የሚያውቅ ሐኪም እዚህ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ደግነቱ አንድ ተገኘና ተቀበላት።

ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን አስቀመጠኝና አስረዳኝ።

«በደማችን ውስጥ ነጭ ሕዋሳት አሉ፤ እንደ ወታደር ናቸው። ባዕድ ነገር ሲያዩ ይወጋሉ። ይህንንም ኩላሊት ባዕድ ነው ብለው እንዳይወጉት በመድኃኒት ዝቅ እናደርጋቸዋለን። እነሱ ዝቅ ሲሉ ግን ልጅዎን በሽታ በቀላሉ ያገኛታል። ጉንፋን የያዘው ሰው አይቅረባት።»

በየሁለት ሳምንቱ ደሟ እንዲቆጠር፣ በየማለዳው ሙቀቷና ክብደቷ እንዲለካ አዘዘ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የቀረውን በመዝገበ ቃላት ራሴን አስተምሬያለሁ፤ በዚህም እኮራ ነበር። ሥራዬ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር መቆጣጠር ነው። ቦይለር ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ትልቅ የብረት ጋን ነው። የእንፋሎቱ ግፊት መለኪያ መርፌ አለው። መርፌው ወደ ቀዩ መስመር ከተጠጋ አደጋ ነው፤ ዝቅ ካለ እፎይ እንላለን። ሃያ ዓመት ያን መርፌ ሳይ ኖሬያለሁ።

ስለዚህ የሐኪሙን ትእዛዝ እንደ ሥራዬ ያዝኩት። ደብተር ገዛሁ። በየቀኑ ሙቀቷን፣ ክብደቷን፣ የምትውጠውን ክኒን እጽፋለሁ። በሩን ደግሞ ራሴ እጠብቃለሁ።

የዚህ ጣጣ ይህን ያህል ይሆናል ብዬ አልገመትኩም። በሰፈራችን ሰው ከሕመም ተርፎ ሲመጣ የማይጠይቅ የለም። እየገቡ አገላብጠው ይስማሉ፤ ያልሳመ እንዳልጠየቀ ይቆጠራል። እኔ ግን የውጭውን በር ቆልፌ፣ በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰላምታችሁን አደርሳለሁ» እያልኩ መለስኳቸው። የዕድራችንን ሊቀመንበር መለስኩ። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላትን ወይዘሮ ዘይነባን፣ ጽጌን ከተወለደች ጀምሮ የምታውቃትን፣ ከነያዘችው ቴምር መለስኳት።

ሰፈሩ ስም አወጣልኝ፤ «አብዮት ጥበቃ» አሉኝ። አንዱ ጎረምሳ በደጃፌ ባለፈ ቁጥር ይቆምና፣ «ጓድ፣ የይለፍ ወረቀት ይዣለሁ፣ ልለፍ?» ይለኛል። ባለቤቴ አስናቀች አፈረች። «አንተ ሰውዬ፣ ነገ ብንሞት ማን ይቀብረናል?» አለችኝ። «አሁን የምናስበው ስለሚኖረው ነው» ብዬ ዘጋኋት።

አንድ ቀን የባለቤቴ የአክስት ልጅ መጣና ከመስኮቷ ገለል ብሎ፣ ድምፁን ለውጦ፣ «ከሆስፒታል ተልኬ ነው» አለ። ከፈትኩለት። ሮጦ ገብቶ ጽጌን አራት ጊዜ ሳማት፤ ከካፖርቱ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ጸበል አውጥቶ ሙሉውን አፈሰሰባት። በጸበል አምናለሁ፤ በውሸት ግን አላምንም። አንገቱን ይዤ አስወጣሁት። አስናቀች ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጽጌን ለደም ምርመራ ወሰድኳት። በሆስፒታሉ ልማድ የምርመራውን ወረቀት ከላቦራቶሪ ተቀብሎ ለሐኪሙ የሚያደርሰው የበሽተኛው ቤተሰብ ነው። ሐሙስ ዕለት ሄጄ ወረቀቱን ተቀበልኩ። ከዚህ በፊት አምስት ሺህ የነበረው የነጭ ሕዋስ ቁጥር ዘጠኝ መቶ ሆኗል።

ደስ አለኝ። ወታደሮቹ ዝቅ ብለዋል፣ መድኃኒቱ ሠርቷል አልኩ። የሐኪሙ ቀጠሮ በሚቀጥለው ረቡዕ ስለነበረ ወረቀቱን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለአስናቀችም «ከመቼውም የተሻለ ነው» ብዬ ነገርኳት።

ቅዳሜ ከሥራ መልስ በሩ ተንኳኳ። በትንሿ መስኮት ሳይ አንድ የማላውቀው ቀጭን ሰው ቆሟል፤ ጫማው አቧራ ለብሷል፣ በእጁ መሐረብ ይዟል።

«ጋሼ፣ የወይዘሪት ጽጌ ቤት ነው? ከሆስፒታል ነው የመጣሁት።»

ሳቄ መጣ። «ከየትኛው ክፍል? ከጸበል ክፍል?»

«ኧረ ከላቦራቶሪ ነኝ። ስለ ልጅዎ...» ብሎ ሳይጨርስ ፊቱን አዞረና በመሐረቡ ውስጥ አነጠሰ።

ያን ሳይ ደሜ ፈላ። «መዋሸትህ ሳያንስ ጉንፋንህን ይዘህ መጣህ? በሰው ልጅ ነፍስ መቀለድ ነውር መሆኑን ያስተማረህ አባት የለህም?» ብዬ መስኮቷን ዘጋሁበት።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝ!»

«ሰምቻለሁ!» አልኩና ወደ ቤት ገባሁ። ልክ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ጽጌ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች። ጉሮሮዋን ያማታል፤ ከዓርብ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። እኔ ግን ሙቀቷን ጠዋት ለክቼ ደህና ስላገኘሁት «ቅብጠት ነው፣ ብዪ» ብዬ ተቆጥቻት ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ እንደገና ተደበደበ፤ አሁንስ የሚሰበር ነው የመሰለኝ።

«የጽጌ አባት! አንተ የጽጌ አባት!» ወይዘሮ ዘይነባ ናት።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ ነግሬሻለሁ እኮ...»

«አልገባም! ቤትህን ማን ፈለገው? ጆሮህን ብቻ አምጣልኝ! ሰውየው ሱቄ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ቤታችሁን ፍለጋ ከጠዋት ጀምሮ ብስራተ ገብርኤልን፣ መካኒሳን ሲዞር ነው የዋለው። የልጅቷ ደም አልቋል እያለ ነው፤ ትሰማለህ?»

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ሰውየው ከሱቁ ደረጃ ላይ ብድግ አለ፤ እጁን ግን አልዘረጋልኝም።

«ጋሼ፣ ሐሙስ የወሰዱትን ወረቀት ለሐኪሙ ለምን አላደረሱም?»

«ቀጠሮዬ ረቡዕ ነው። ደግሞስ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ የለም? ጥሩ አይደለም እንዴ?»

ሰውየው አፉን ከፍቶ አየኝ። «ዝቅ ማለትና ማለቅ አንድ ነው እንዴ? እኔ እኮ በማይክሮስኮፕ ሦስት ጊዜ ነው የቆጠርኩት፤ ተሳስቼ ነው ብዬ። ትናንት ማታ ሐኪሙን ስጠይቀው ወረቀቱን አላየውም። ቶሎ ትምጣ ስላለኝ አድራሻችሁን ከካርዷ ገልብጬ መጣሁ።»

«ትኩሳት የላትም። ዛሬ ጠዋት ለክቻታለሁ።»

«ትኩሳት የወታደሮቹ ጩኸት ነው፣ ጋሼ። ወታደሩ ካለቀ ማን ይጮሃል? ከምትወስዳቸው ክኒኖች አንዱ ደግሞ ራሱ ትኩሳት ይደብቃል። ትበላለች?»

«ከትናንት ጀምሮ አልበላችም» ስል ቦይለሬ ትዝ አለኝ። ቦይለር አንድ መርፌ ብቻ አይደለም ያለው። የውኃውን ልክ የሚያሳይ የመስታወት ቱቦም አለው። ውኃው ከታችኛው ምልክት ከወረደ ጋኑ ይቃጠላል፤ ሊፈነዳም ይችላል። እኔ ከመርፌው ይበልጥ የምፈራው ያን መስታወት ነበር። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ «መብዛትም ማነስም ይገድላል» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በልጄ ደም ላይ ግን መርፌውን ብቻ አየሁ።

ወይዘሮ ዘይነባ አስፋልቱ ድረስ ሮጣ አንዲት ውይይት ታክሲ አስቆመች። ሾፌሩን ምን እንዳለችው አላውቅም፤ የነበሩት ተሳፋሪዎች ወርደውልን ቆሙ። ጽጌን ደግፈን ከፊት፣ ሾፌሩ አጠገብ አስገባናት። የላቦራቶሪው ሰው ከኋላ በር ላይ፣ ከእሷ ርቆ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮና አፉን በመሐረብ ሸፍኖ ሄደ።

ተረኛው ሐኪም ሐኪሟን ከቤቱ አስጠራው። ጉሮሮዋ ውስጥ የጀመረው ኢንፌክሽን ወደ ሳንባዋ እየወረደ ነበር። ወታደሮቹን የጨረሰውን መድኃኒት አቆሙላት፣ መርፌ ጀመሩላት፣ ለብቻዋ ክፍል ሰጧት። ሐኪሙ አልተቆጣኝም። «እስከ ረቡዕ ቢቆይ ምን እንደሚሆን አላውቅም» ብቻ አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት ተኛች። ያ ሰው በየማለዳው ደሟን ይቆጥራል፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ዘጠኝ መቶው ሰባት መቶ ሆነ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ተኩል። ኩላሊቷም አልተነካም። መድኃኒቱን በትንሹ መልሰው ጀመሩላት።

ከሆስፒታል በወጣችበት ቀን ላቦራቶሪው በር ላይ ሄጄ ኮፍያዬን አወለቅኩ። በዕድሜ አባቱ ልሆን እችላለሁ፤ ቢሆንም ጥፋት ዕድሜ የለውምና ይቅርታ ጠየቅኩት።

«በር መዝጋትዎ እኮ ትክክል ነበር» አለኝ እየሳቀ። «እውነትም ጉንፋን ይዞኝ ነበር። እኔም ልገባ አልመጣሁም፤ አንድ ቃል ነግሬ ልመለስ ነበር። የጸበል ክፍሉ ነገር ግን ላቦራቶሪውን ሁሉ አስቆናል።»

ወይዘሮ ዘይነባንም ይቅርታ ጠየቅኩ። እሷ ግን እንደሱ አልራራችልኝም። «ለጽጌ ብዬ ትቼዋለሁ። ቴምሩን የመለስክብኝን ግን እስክሞት አነሣብሃለሁ» አለችኝ። እስካሁንም ታነሣብኛለች።

ከዚያ ወዲህ ከውጭው በር ጎን አግዳሚ ወንበር ሠራሁ። ጠያቂ ሲመጣ እዚያ ይቀመጣል፤ ጽጌ በረንዳ ላይ ሆና ይጫወታሉ። መሳም አሁንም ክልክል ነው። የመጣውን ሰው ግን ምን ሊል እንደመጣ ሳልጠይቅ አልመልስም። ሰው መለኪያ ማንበብን ብቻውን ሊማር ይችላል፤ መለኪያው ምን እንደሚል ግን ከሚያውቅ ሰው መስማት አለበት። ለዚህ ትምህርት የከፈልኩት ከሚገባኝ በታች ነው፤ ፈጣሪን አመሰግነዋለሁ።

ጽጌ ዛሬ የሰፈር ልጆችን በረንዳችን ላይ፣ ራቅ ራቅ አድርጋ አስቀምጣ ሒሳብ ታስጠናለች። ደሟን አሁንም የሚቆጥረው ያው ሰው ነው። ወረቀቱን ስቀበል ወደ ቤት አልሄድም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ክፍል ነው። ያለፈው ሳምንት ቁጥር ጥሩ ነው። ጥሩ ነው ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ሐኪሙ ነው።