አንድ እጅ በጓንት

ሰዓት የሚጠግን ሰው ሥራውን የሚሠራው በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ይመስላል፤ ወረንጦውን የሚይዙት እነሱ ናቸውና። እጁን የምታቆምለት ግን ትንሿ ጣት ናት። የጠረጴዛውን ጠርዝ ተደግፋ ትቀመጣለች፣ የቀሩት ጣቶች በእሷ ላይ ይረጋሉ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ያወቅኩት ትንሿ ጣቴ መደንዘዝ የጀመረች ጊዜ ነው።

ያኔ የምንኖረው መቀሌ ዳር፣ ዓይናለም፣ የከተማው ውኃ ከሚሳብባቸው ጉድጓዶች አጠገብ ነበር። የምሠራው ከተማው ውስጥ፣ ሓድነት ሰፈር ነው። አንዲት የቆርቆሮ ኪዮስክ፣ የሞባይል ካርድና መሸፈኛ ከሚሸጥ ልጅ ጋር ለሁለት ተከራይተን ነበር፤ እሱ በመስኮቱ በኩል ይቀመጣል፣ እኔ ብርሃን ስለምፈልግ በበሩ በኩል። ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳዬን በቀኝ ትከሻዬ አንግቼ በብስክሌት እሄዳለሁ፣ ማታ በዚያው እመለሳለሁ። መንገዱ መጀመሪያ ጠጠር፣ ቀጥሎ ኮብልስቶን፣ መጨረሻው ላይ ብቻ አስፋልት ነው።

ድንዛዜው የመጣው በቀኝ እጄ፣ ትንሿና ከእሷ ቀጥላ ያለችው ጣት ላይ ነው። መጀመሪያ ኪዮስኩን ከፍቼ ጠረጴዛዬን እስክጠርግ ይለቀኝ ነበር። ቆይቶ እስከ ምሳ ሰዓት አብሮኝ መዋል ጀመረ። አንድ ቀን የሴት ሰዓት ከፍቼ፣ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ብሎን በወረንጦ ይዤ ሳለ እጄ ሸርተት አለ። ትንሿ ጣቴ ጠርዙን ለቃ ኖሯል፤ እኔ ግን አልተሰማኝም። ብሎኗ ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ የሴት ሰዓት ይዞ ለሚመጣ ሰው ሥራ በዝቶብኛል እያልኩ መመለስ ያዝኩ። የግድግዳ ሰዓትና ትልልቅ የወንድ ሰዓት ብቻ እቀበላለሁ። ሌላ ሙያ የለኝም። ይህንንም ቢሆን የተማርኩት የተበላሸ እየፈታሁ፣ የፈታሁትን መልሼ መግጠም እስኪሆንልኝ ድረስ ብቻዬን እየታገልኩ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴንና እኔን የሚያበላን ይኸው እጅ ነበር። 

እናቴ ከአባቴ ጋር ከወሎ መጥታ መቀሌ የቀረች ሴት ናት። ስነግራት ለአፍታም አልተጠራጠረችም።

«ብርድ ነው» አለች። «በጠዋት ባዶ እጅህን ንፋስ ላይ ዘርግተህ ትሄዳለህ። ያረቢ፣ ስንቴ ነገርኩህ?»

«እማ፣ ግራ እጄም እኮ እዚያው ንፋስ ላይ ነው።»

«እሷንም ተራዋ ይጠብቃታል። አብሽር፣ መድኃኒቱ ጓንት ነው።»

በማግስቱ ከልባሽ ጨርቅ ተራ ግራጫ የሱፍ ጓንት ገዝታ መጣች። አጥባ፣ አድርቃ፣ ጠዋት ራሷ አለበሰችኝ።

የውኃ ጣቢያው ዘበኛ በየማለዳው በራቸው ላይ ቆመው የሚጠብቁኝ ሽማግሌ ናቸው። ከብስክሌት ሳይወርዱ ሰላም ማለት ለእሳቸው ሰላምታ አይደለም፤ መውረድ፣ ጎንበስ ማለት፣ መጨበጥ፣ ቤተሰቡን መጠየቅ አለ። የዚያን ቀን ጓንቱን ማውለቅ ከብዶኝ፣ እጁን ሲታጠብ የተጠራ ሰው እንደሚያደርገው አንጓዬን ዘረጋሁላቸው። አንጓዬን ይዘው አዩኝ።

«ምን ሆነህ ነው ዝወደይ፣ ልጄ? ሊጥ ስታቦካ ነው የመጣኸው?»

«ጓንት ነው አቦይ። ለብርድ ነው።»

«ብርዱ እኔን ሌሊቱን ሙሉ ሲመታኝ አደረ። እኔ እጄን ደበቅኩብህ?»

እየሳቁ ነበር። አፍሬ ጓንቱን አወለቅኩና ጨበጥኳቸው። እንደ ልማዳቸው እጄን ሳይለቁ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ስለ እንቅልፌ ጠየቁኝ፣ ከዚያ ሳቃቸው ቀረ።

«የጨበጠኝ ግማሽ እጅህ ነው» አሉ። «የታችኞቹ ጣቶች የሉም። ሐኪም አይቶሃል?»

«እሄዳለሁ አቦይ።»

ሌላ ሰው በመጨበጥ ብቻ ሊያውቀው ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ኮብልስቶኑ ላይ እስክደርስ ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ ሄድኩ።

ሐኪም ቤት ከመሄዴ በፊት ግን የምናገረውን በትክክል ማወቅ ፈለግሁ። ሰዓት ሲቆም መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ትለውጣለህ፣ ከዚያ ታያለህ። ስለዚህ ጓንቱን በቀኝ እጄ ብቻ አድርጌ፣ ግራዬን ባዶ ትቼ መንዳት ጀመርኩ። የኪዮስክ ጓደኛዬ ከሩቅ ሲያየኝ ከመስኮቱ ብቅ አለ።

«ሓወይ፣ ሌላኛዋን ፍየል በላችብህ?»

«ሙከራ ነው።»

«የምን ሙከራ?»

«ብርድ ከሆነ ባዶዋ ግራ ትደነዝዛለች።»

ትንሽ አሰበና «ግራህ ብትደነዝዝ ደስ ሊልህ ነው ማለት ነው?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ብርድ ቢሆን እናቴ መድኃኒቱን ገዝታዋለች። ግራዬ ግን ምንም አልሆነችም፤ በጓንት የተጠቀለለችው ቀኜ ባሰባት። ሱፉ መሪው ላይ ስለሚንሸራተት አጥብቄ ነበር የምይዘው። ጓንቱን ወደ ግራ ሳዞረው ቀኜ ጥቂት ተሻላት፣ ግን አልዳነችም። ስለዚህ ጥፋቱ የብርድ አልነበረም፤ የእናቴ ጓንትም መድኃኒት አልሆነም።

ነገሩን ያሳየኝ መዳፌ ነው። አንድ ጠዋት ያለ ጓንት መጥቼ የኪዮስኩን በር ልከፍት ስል የመሪው ጎማ መስመሮች ቀኝ መዳፌ ላይ፣ ከትንሿ ጣት በታች ወደ አንጓው ጠጋ ብሎ፣ ቀልተው ታትመዋል። በግራ መዳፌ ላይ ግን እምብዛም አይታዩም። የቀላውን ቦታ በአውራ ጣቴ ስጫነው እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ነዘረኝ። ለምን ቀኝ ብቻ? ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። የመሣሪያው ክብደት ሁሉ በዚያች ቦታ በኩል ነበር ለካ መሪው ላይ የሚያርፈው።

ቦርሳውን ከኋላ መጫኛው ላይ አሰርኩት። ሐኪም ቤትም ሄድኩ። ያየኝ ሐኪም ቦታዋን ራሱ ተጭኖ፣ ነርቭ እንደሆነ፣ ጫናው ከተነሳ ሊመለስ እንደሚችል፣ ግን ትዕግሥት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ብስክሌት ተው አላለኝም። ኮብልስቶኑን ግን ማንም ሊያነሳልኝ አይችልም።

ያን ጊዜ ነው ራሴ ጓንት ለመሥራት የተነሳሁት። ስስ የቆዳ ጓንት አግኝቼ ጣቶቹን ከመሃል ቆረጥኩ። ካረጀ ካላማዳሪያ፣ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ቁራጭ ቆርጬ በዚያች ቦታ ላይ በውስጥ በኩል ሰፋሁ። የባሰ ሆነ፤ ጎማው ራሱ እየተጫናት ነበር። ስፌቱን ፈታሁት። በሰዓት ውስጥ የሚሽከረከረው ዘንግ የሚቀመጥባት ቀይ ድንጋይ መሃሏ ቀዳዳ ነው፤ ዘንጉ ሳይጨነቅ የሚዞረው ለዚያ ነው። ጎማውን እንደዚያ አድርጌ መሃሉን በሳሁት። ዙሪያው መሪው ላይ ያርፋል፣ ቦታዋ ግን ምንም አይነካትም። ኮብልስቶኑን ስጨርስ ጣቴን አጥፌ ዘረጋሁ። ታዘዘችኝ።

የቀረው ሐፍረቱ ነበር። በከተማችን ጣቱ የተቆረጠ ጓንት የብስክሌት ክለብ ተወዳዳሪዎች ነው። ወደ ኲሓ መንገድ በቡድን ሲወጡ ሰው ቆሞ ያያቸዋል። ሳይወዳደሩ ያንን ማድረግ የሌላ ሰው ሜዳሊያ እንደማንጠልጠል ነው። ጓደኛዬም አልማረኝም።

«ሰዓት ሠሪው እሑድ ይወዳደራል» እያለ ለደንበኞቹ ያወራል። «ሰዓቱንም የሚይዘው ራሱ ነው። ቢያንስ አንደኛ መውጣቱ አይቀርም።»

ለጥቂት ጊዜ አስፋልቱ ጋ ስደርስ አውልቄ ኪሴ ውስጥ እከት ነበር። ከዚያ ተውኩት። ሰው የሚስቀው አንድ ሰሞን ነው፣ ጣቴ ግን ዕድሜዬን ሁሉ ታስፈልገኛለች። ለሽማግሌው ስል ብቻ አንጓው ላይ መጎተቻ ክር ሰፋሁበት፤ በራቸው ጋ ሳልደርስ በጥርሴ ስቤ አወልቀዋለሁ።

እናቴ የሱፉ ጓንት ተጣጥፎ መቀመጡን ስታይ ቅር እንዳላት ገባኝ። ሁሉንም አስረዳኋት፤ ቦርሳውን፣ ነርቩን፣ የጎማውን ቀዳዳ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እና የተሻለህ ምን አድርገህ ነው?»

«ጓንት።»

«እኔስ ምን ነበር ያልኩህ?» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

መሻሉ በአንድ ቀን የመጣ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ድንዛዜው ምሳ ሳይደርስ ይለቀኝ ጀመር፤ ከዚያ ሰዓት ሳልከፍት። ጫፏ ዛሬም ቢሆን በብርድ ጠዋት ትንሽ ትዘገያለች። የሴት ሰዓት ግን እንደ ድሮው እመልስ ነበር፤ ፍርሃቱ ከድንዛዜው በላይ ቆየብኝ። አንድ ቀን ከዓዲ ሓቂ የመጣች ተማሪ የእናቷን ሰዓት፣ ፊቱ ከአሥር ሳንቲም የማይበልጥ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ሁለት ቦታ አይሠራም ብለውኛል» አለች።

ሥራ በዝቶብኛል ልል ነበር። ጠረጴዛዬ ባዶ መሆኑን ታያለች። «ተይው፣ ልሞክረው» አልኳት።

ስትሄድ ማጉያ መነጽሬን አድርጌ ክዳኑን አነሳሁ። ፀጉር የመሰለችው ሞላ ተጣማ ነበር። ወረንጦውን ይዤ ትንሿን ጣቴን ጠርዙ ላይ አሳረፍኩና ወደ እኔ ጎተት አደረግኋት። አንድ ነገር ወጋኝ። እጄን ሳነሳ የጠረጴዛው ስንጣሪ ጫፏ ላይ ተሰክቷል፣ ዙሪያው በጣም ጥቂት ደም አለ። አመመኝ፣ በደንብ አመመኝ።

ጓደኛዬ ከመስኮቱ ዞሮ አየኝ። «ምን ያስቅሃል?»

«እንጨት ወጋኝ» አልኩት።

ስንጣሪውን በወረንጦው አወጣሁና ወደ ሰዓቱ ተመለስኩ።