የአባዬ አሥራ አንድ እርምጃ

ለጥር ሚካኤል ጥቂት ቀን ሲቀረው የሰፈራችን ወጣቶች የአስፋልቱን ጠርዝ ኖራ ሊቀቡ በርሜል አውጥተው ነበር፤ እኔ ደግሞ ከልብስ ስፌት ሱቄ ወጥቼ፣ ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ ዳቦ ልገዛ ስሻገር ያ እርጥብ የኖራ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝና መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አንዱ ልጅ ብሩሹን እንደያዘ «ማዘር፣ ጫማዎ እንዳይነካ!» ብሎ ጮኸ። ጫማዬን እስከነጭራሹ ረስቼዋለሁ። ሌላው ሰው ልጅነቱ ምን ምን እንደሚሸት አላውቅም፤ የእኔ ግን ኖራ ኖራ ነው የሚሸተው፣ አባዬ ኳስ ሜዳ ያሰምር ነበርና።

ሜዳው የነበረው ልጆቹ ከሚቀቡት መንገድ ወዲያ፣ ዛሬ የትልቁ ፎቅ መኪና ማቆሚያ በሆነው ቦታ ላይ ነው። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ወርዶ ወርዶ የሚያልቅበት፣ አንደኛው ጎል ከሌላው ከፍ ያለ፣ በአንድ ወገኑ ገደል ያለበት ሜዳ ነበር። ከኪዳነ ምሕረት በኩል ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች አቋራጫቸው በሜዳው ማዕዘን ላይ ስለነበረ፣ እነሱ ብቅ ሲሉ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ጨዋታውን ያስቆማል፤ ተጫዋቾቹ ወገባቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፣ ሴቶቹም ከሸክማቸው ሥር አንገታቸውን ሳያቀኑ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ያልፋሉ። ይህን የማያውቅ የእንግዳ ቡድን አሠልጣኝ ሰዓት ተቃጠለብኝ ብሎ ሲጨቃጨቅ ደጋፊው ሁሉ በሳቅ ይሞትበት ነበር።

ቡድናችንን «ባሕር ዛፍ» ነበር የምንለው። ወጪውን የሚችሉት አንድ የጋራዥ ባለቤት ሲሆኑ፣ የሚጫወተውም ከዋናው ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ነበር። የዚህ የሁለተኛው ሊግ ስም በእኔ ዕድሜ እንኳ ስንት ጊዜ ተቀያየረ፤ ትልልቆቹ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይሉታል፣ እኛ ብሔራዊ ሊግ አልነው፣ ዛሬ ከፍተኛ ሊግ ሆኗል፤ ስሙ ከፍ ከፍ እያለ ሄደ እንጂ ቦታው ያው ሁለተኛ ነው። ግን ከላይ ያረጀው ተጫዋች ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ የሚወርደው ወደዚያ ነበር፣ ከታች ያለውም ልጅ አንድ ቀን አንድ ሰው ያየኛል ብሎ የሚሮጠው እዚያው ነበር፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ ደረጃው ላይ ተገናኝተው ሰላም የሚባባሉ ይመስለኝ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡት ቡድኖች ላምበረት አልጋ ቤት ያድሩና እሑድ ጠዋት ቱታቸውን እንደለበሱ ሽቅብ በእግራቸው ይመጣሉ፤ በትምህርት ቤት ካርታ ላይ ነጥብ ብቻ የነበረ ከተማ ሳልና ሳቅ ያለው ሰው ሆኖ ደጃችን ሲያልፍ ያየሁት በዚያ ሊግ ነው። ሬዲዮ ስለ እኛ የሚያወራው ሌላውን ሁሉ ተናግሮ ጊዜ ከተረፈው ነበር፤ አባዬ ግን ጊዜ ይተርፋል ብሎ ተስፋ ቆርጦ አያውቅም፣ ጆሮውን ሬዲዮኑ ላይ ለጥፎ ዘፈኑ እስኪጀምር ይጠብቃል።

አባዬ፣ ሰፈሩ ጋሽ ተሰማ የሚለው፣ የጋራዡ ዘበኛ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ግን ኖራውን በግማሽ በርሜል በጥብጦ ወደ ሜዳው ይወርዳል። የሜዳው ዳርና የጎሉ ሳጥን ከሥሩ ድንጋይ የተቀበረበት ስለሆነ ገመድ ወጥሮ ድንጋዩን እየተከተለ ያፈስበታል። የሪጎሬው ነጥብ ግን ድንጋይ አልነበረውም። (ያኔ ፍጹም ቅጣት ምት የሚል ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ሪጎሬ ነበር የምንለው።) እግር ስለሚያጠፋው በየሳምንቱ እንደ አዲስ መለካት ነበረበት፣ አባዬም የሚለካው በእግሩ ነበር። ለጎሉ ጀርባውን ሰጥቶ መሀል ላይ ይቆማል፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ አሥራ አንድ ይራመዳል። እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ አሥራ አንድ ስል ተረከዙን አፈሩ ላይ አዙሮ «እዚህ!» ይላል። ጎረምሳ ሳለ አንድ አሠልጣኝ እርምጃውን ለክቶ «ድፍን አንድ ሜትር ናት» ብሎት ነበርና ያንን ቃል እንደ ሜዳልያ ይዞት ኖረ። ልብስ ሰፊ የነበረችው እማዬ፣ የማልያዎቹንም ቁጥር የምትሰፋው እሷ ናት፣ «ሜትሬን ወስደህ ብትለካበት ምን ትሆናለህ?» ስትለው «ሜትር ለጨርቅ ነው፤ ሜዳ በእግር ነው» ብሎ ይዘጋታል።

የረሳው ነገር ቢኖር አሠልጣኙ የለካው የጎረምሳ እግር መሆኑን ነው። ከጋራዡ መሰላል ወድቆ ጉልበቱን ተጎዳ፣ ዕድሜም ተጨመረበት፣ እርምጃው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያጠረ ሲሄድ የሪጎሬው ነጥብም አብሮት ወደ ጎሉ ተጠጋ። በሳምንት የጣት ስፋት እንኳ ለማይሞላ ነገር ማን ልብ ይላል? የእንግዳ በረኞች ብቻ «እዚህ ሜዳ ኳስ ይፈጥናል» ይሉ ነበር፤ እነሱም የእንጦጦ አየር ስለሚሳሳ ነው ብለው መልሱን ራሳቸው ያገኙት ነበር።

ሪጎሬ መቺያችን ሰይድ ነበር። ከደሴ መጥቶ ላምበረት በጭነት መኪና ላይ ዕቃ የሚጭን፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ ሳቂታ ሰው። ሜዳችን ላይ ስቶ አያውቅም፤ ሪጎሬ ከተሰጠን ኳሱ ሳይመታ ሰዉ ይተቃቀፋል። ከሜዳችን ውጪ ሲስት ደግሞ አገሩን ስላልለመደው ነው እንል ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪያችን በሰፈራችሁ ያለ አንድ ነገር ለክታችሁ ኑ አሉን። በአባዬ ልኮራ ብዬ የእማዬን ሜትር ይዤ ወደ ሜዳው ሮጥኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር አንድ ሜትር ተኩል ናት፤ አሥራ አንድ ሜትር ሰባት ጊዜ ተለክቶ ግማሽ ሜትር ሊተርፈው ይገባል። እኔ ስድስት ጊዜ ከግማሽ ሜትር ሆነብኝ፤ አንድ ሜትር ተኩል ጎደለ። ደግሜ ለካሁ፣ ሦስተኛ ለካሁ፣ ያው ነው። ለአስተማሪዬ የቤታችንን በር ለክቼ ወሰድኩላቸው።

ለአባዬ አልነገርኩትም። በዚያ ዓመት በጉልበቱ የተነሳ ከዘበኝነቱ ተነስቶ ስለነበር የቀረው ሜዳው ብቻ ነው፤ ፂሙን የሚላጨው እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆኖ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ሌላም ነገር ነበረኝ፤ ሰይድ ጎል እያገባ ነበር፣ ቡድናችንም ወደ ዋናው ሊግ ሊያድግ ጫፍ ደርሶ ነበር። ነጥቡ ለሁለቱም ቡድን እኩል ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰበብ መቼ አጥቼ!

የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ካሸነፍን እናድጋለን፣ አቻ ከወጣን የሚያድገው እንግዳው ቡድን ነው። ጨዋታው ትልቅ ስለነበረ የጨዋታው ኮሚሽነር በጠዋት ረጅም ተጠቅላይ ሜትር አስይዘው መጡ፤ ከዚያ በፊት ሜትር ይዞ የመጣ ሰው አላውቅም። አባዬ በታጠበ ኮቱ ተቀበላቸውና «የኔ ሜዳ ምኑ ይለካል፣ ጌታዬ» እያለ እየሳቀ የሜትሩን ጫፍ ራሱ ያዘላቸው። ጎሉ ልክ ነው፣ ሳጥኑ ልክ ነው። ሪጎሬው ጋ ሲደርሱ ሜትሩ ነጥቡን አልፎ ሄደ። አባዬ ጫፉን እንደያዘ ጎሉ ሥር ተንበርክኮ ነበር፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ኮሚሽነሩ አልተቆጡም፤ አዲሱን ቦታ በእንጨት ጫሩና «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ኖራ ቢያደርጉበት» አሉት ቀስ ብለው። ቢጮሁበት ይሻለኝ ነበር።

አባዬ አዲሱን ቀባ፣ አሮጌውን አፈር አለበሰው። አሮጌው ግን ስንት ዓመት ኖራ የጠጣ መሬት ነውና ከአፈሩ ሥር ነጣ ነጣ እያለ ይታይ ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ዜሮ ለዜሮ እያለን፣ ሪጎሬ አገኘን። ሰዉ እንደ ልማዱ ተቃቀፈ። ሰይድ ኳሱን ወስዶ አሮጌው ነጥብ ላይ አስቀመጠው። ዳኛው ራሱን ነቅንቆ ወደ ኋላ አመለከተው። ሰይድ ኳሱን አነሳ፣ አዲሱን ነጥብ አየ፣ ጎሉን አየ፣ ከዚያ ዞር ብሎ ከመስመሩ ዳር የቆመውን አባዬን አየው። መታው። ኳሱ ከአግዳሚው በላይ አልፎ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ፤ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተላተመ ገደሉን ሲወርድ እስከ መጨረሻው ሰማነው።

ቤት ስንገባ አባዬ የእማዬን ሜትር ከስፌት መኪናው ላይ አነሳ። ጫፏ ላይ እኔ ልብ ያላልኩት የኖራ እድፍ ነበረባት።

«ዘቢ፣ መቼ ለካሽው?» አለኝ።

«ለፋሲካ ሰሞን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

አለቀስኩ። ሜትሯን ጣቱ ላይ ጠቀለላት፣ ፈታት፣ መልሶ ጠቀለላት፤ በመጨረሻ «ብትነግሪኝም ሜትሩ ነው የተሳሳተው እልሽ ነበር» አለና ራሴን ዳበሰኝ። እሱ በዚያው ይቅር አለኝ። እኔ ግን ለራሴ ያን ያህል ቸር አልሆንኩም፤ እስከ ዛሬ ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ሦስት ጊዜ እለካለሁ፣ ደንበኞቼ ጥንቃቄ ይመስላቸዋል።

በሚቀጥለው ዓመት የጋራዡ ባለቤት ደከመኝ አሉና ቡድኑ ፈረሰ። ሰይድ ወደ ደሴ ሲመለስ አባዬ እያነከሰ ላምበረት ድረስ ሸኘው። «ጋሽ ተሰማ፣ የሳትኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ አይደሉም» ሲለው አባዬ ሻንጣውን ከእጁ ቀማና አውቶቡሱ ላይ ለቆመው ረዳት ራሱ አቀበለለት፤ ያን ሁሉ ዘመን የሰው ዕቃ ሲጭን ለኖረ ሰው። ከዚያ ወዲህ አባዬ ኖራ በእጁ ሳይነካ አረፈ። ዛሬ የሁለተኛው ሊግ ጨዋታ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ሆኗል፣ መስመሩ ከፋብሪካው ተሰፍቶ ይመጣል፤ ልክ ነው፣ ማንም አይሳሳትም፣ እኔ ግን ናፈቀኝ፤ እንደ አባዬ እያረጀ፣ እንደ አባዬ እያነከሰ የሚሄድ ሜዳ ናፈቀኝ።

ዳቦውን ትቼ ወደ መኪና ማቆሚያው ገባሁ። ከታችኛው ጎል ኋላ የነበረ አንድ ባሕር ዛፍ ግንቡ ሥር ቀርቷል። ጀርባዬን ሰጠሁት፣ እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ፣ በመኪኖቹ መሀል አሥራ አንድ ተራመድኩ፤ የሚቆጥርልኝ ስላልነበረ በሆዴ ቆጠርኩ። ተረከዜን አዙሬ ቆምኩና ሜትሬን ከአንገቴ አውርዼ እያጎነበስኩ ለካሁት። ስድስት ጊዜ ከግማሽ ሜትር።

የቅድሙ ልጅ ብሩሹን እንደያዘ መጥቶ ከላዬ ቆመ። «ማዘር፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?»

«አንድ ሜትር ተኩል» አልኩት።

ሜትሬን አየና ጨርቅ መሰለው፤ ብሩሹን መሬት ላይ አስቀምጦ መኪኖቹ ሥር እያጎነበሰ አብሮኝ ይፈልግ ጀመር።